ሬድዋን ያጸዳው ታሪክ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ የነገርኳችሁ ደስ ደስ የሚለውን ነበር። ዛሬ ደስ የሚል ነገር የለኝም። ተጋብተው በሰላም ኖሩ የሚል መጨረሻ ጠብቃችሁ መጽሔቱን የገዛችሁ ካላችሁ ወደ ምግብ አሠራሩ ገጽ እለፉና እኔን ተዉኝ። አልቀየምም።

አዲስ ለመጣችሁ ባጭሩ ልድገመው። ሥርጉት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት የካ ሚካኤል ነው። አባቴ አቶ አባይነህ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ነው። እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከቀለምና ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በላይ ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራመር ነኝ። ሬድዋንም እዚያው ነው የሚሠራው። አባቱ ከስልጤ መጥተው አዲስ አበባ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እሱ ከእናቱና ከእህቱ ከሰልማ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ላይ ተጋፍቶ መጥቶ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው፤ እንዴት እንደሚያደርገው እስከዛሬ አልገባኝም። እሱ ሙስሊም፣ እኔ የሚካኤል ሰፈር ልጅ። በመካከላችን ምን እንደቆመ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ፍቅራችን የተጀመረው በጽሑፍ ነው። ስልክ እያለ ጽሑፍን ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። የእኔ ስልክ ቤት ስገባ የሁሉም ነው። መብራት ሲጠፋ እናቴ ጓዳ ይዛው ትገባለች፣ ታናሽ ወንድሜ ኳስ ያይበታል፣ አባዬ ካርድ ሲያልቅበት በእሱ ይደውላል። እራት ላይ "ናፍቀሽኛል" የሚል ቃል ብልጭ ቢል ማን ቀድሞ እንደሚያነበው አይታወቅም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ፈለግን፤ ቦታው ደግሞ አፍንጫችን ስር ነበር።

ፕሮግራመር የሠራውን ሲያስቀምጥ ኮሚት አደረገ ይባላል። ኮሚት ስታደርጉ ኮምፒውተሩ ስማችሁንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል፤ ምን እንደሠራችሁ ግን በአንድ መስመር የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። መስመሮቹ ተደርድረው የሥራው ታሪክ ይሆናሉ፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ማን መቼ ምን እንዳደረገ ያያል። አንድን ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ የሌላውን እንዳያበላሹ ለብቻቸው ቅርንጫፍ ይከፈትላቸዋል፤ እኛ ብራንች እንለዋለን። የሰፈራችን እድሮች ተሰብስበው ያቋቋሙት ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ሲያሠራን፣ ለእኔና ለሬድዋን አንድ ብራንች ተሰጠን። የሰው ብራንች አይነካም፤ በቢሯችን ይህ ሕግ ነው። አለቃችን በርናባስ ይህን ሕግ የሚያከብረውን ያህል የልደት ቀኑን እንኳ አያከብርም። እናም ያቺ ብራንች ቤታችን ሆነች።

የጀመረው እሱ ነው፤ ይህን አስምሩበት። የሲስተሙ የቀን መቁጠሪያ ጳጉሜን አያውቃትም ነበርና ጳጉሜ ላይ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ይጠፋ ነበር። ሬድዋን አስተካከለውና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ጳጉሜ ተጨመረች። አንቺን የማይበት ቀን በዛ።"

እኔም የራሴን ሥራ ሳስቀምጥ መለስኩለት፦ "የስም ቅደም ተከተሉ ተስተካክሏል። ያንተን አንብቤ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።"

በዚሁ ቀጠልን። ግማሹ ሥራ፣ ግማሹ ፍቅር፣ በአንድ መስመር። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንነጋገርም፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ ከፍቼ አያለሁ፣ አንገቴ ድረስ ይሞቀኛል። አንድ ቀን ለቤተሰብ የምንነግረው መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ ይህ ነበር፦ "የማተሚያው ቁልፍ ሠራ። ሲስተሙን ባስረከብን ማግስት መጀመሪያ ለእናቴ፣ ከዚያ ለአባትሽ። ወደኋላ አልልም።" እኔም ጻፍኩ፦ "የሪፖርቱ ገጽ አለቀ። ቃል ነው እንግዲህ፣ አምኜሃለሁ።"

ባለፈው ሳምንት ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ደስ ብሏችሁ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

*

ርክክቡ ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው የእናቴ ወንድም አረፈና ሐሙስ በጠዋት ሱሉልታ ለቅሶ ሄድን። ላፕቶፔን ቤት ትቼ ነበር። የተመለስነው እሑድ አመሻሽ ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ዓይኔ እንዳበጠ በቀጥታ ወደ ስብሰባው ገባሁ።

የእድሮቹን ማኅበር ሥራ ሊረከቡ የመጡት ሊቀ መንበሩ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነበሩ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ከአባዬ ጋር በአንድ ሰበካ ጉባኤ የሚቀመጡ፣ እኔን ከክርስትናዬ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ ተነስተው ሦስቴ ሳሙኝና ስለ አጎቴ አጽናኑኝ። ሬድዋን በሩ ጋ፣ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ተቀምጧል። እንደ ሁልጊዜው በዓይኔ ፈለግሁት። እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፤ ሽቦ እያስተካከለ ነበር። አፍሮ ነው፣ ለቅሶ ስላልደረሰ ነው ብዬ አዘንኩለት። አያችሁ እኔን።

በርናባስ ሥራውን አሳይቶ ሲጨርስ አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀባችሁ ምኑ ነው? አባላቱ ይጠይቁናል" አሉ።

"ታሪኩ ሁሉ ተመዝግቧል አባባ፤ ማን ምን እንደሠራ ከነቀኑ አሳይዎታለሁ" አለና በርናባስ የሥራውን ታሪክ ግድግዳው ላይ ከፈተው። የዋናው ሥራ ታሪክ ደረቅ ነው፤ እሳቸው እንኳ አዛጉ። "ይኼስ ቅርንጫፍ የሚለው?" አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። በርናባስ ወደ ሬድዋን አየ፣ ሬድዋን ክፈተው በሚል አንገቱን ነቀነቀ። በርናባስም ብራንቻችንን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ከፈተው።

ግድግዳው ላይ የነበረውን እንዳለ ልጻፍላችሁ።

ሬድዋን፦ ጳጉሜ ተጨመረች።

ሥርጉት፦ የስም ቅደም ተከተሉ ተስተካክሏል። ያንተን አንብቤ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

ሬድዋን፦ የፎቶ ማስገቢያው ተስተካከለ።

ሥርጉት፦ የስልክ ቁጥር መፈለጊያው ሠርቷል። ትናንት ታክሲው ጋ እጄን ቶሎ ለቀቅከው።

ሬድዋን፦ የማተሚያው ቁልፍ ሠራ።

ሥርጉት፦ የሪፖርቱ ገጽ አለቀ። ቃል ነው እንግዲህ፣ አምኜሃለሁ።

መጀመሪያ በደንብ ያላነበብኩ መሰለኝ። ሁለተኛ አነበብኩ። የእሱ ቃል የለም። አንድም የለም። የእኔ ግን ሁሉም አለ፣ ከነስሜ፣ ከነፎቶዬ፣ ፊደሉ የክንድ ያህል ሆኖ። ጳጉሜ ስለተጨመረች ቀኑን ሙሉ ስትስቅ የምትውል ሴት። የማተሚያ ቁልፍ ስለሠራ "አምኜሃለሁ" የምትል ሴት። መልስ ለማይሰጣት ሰው ወራት ሙሉ የምትጽፍ።

ከእያንዳንዱ የእኔ መስመር ስር በትንንሽ ፊደል ሌላ ነገር ተጽፏል፦ ሥርጉት ጻፈችው፣ ሬድዋን አስቀመጠው፣ ቅዳሜ። ይህ ለሽማግሌዎቹ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። የቆየ መስመር የሚቀይር ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ እንደገና ማስቀመጥ አለበት። ኮምፒውተሩ መስመሮቹን አንድ ባንድ ይደረድርለታል፤ የቱ እንደሚቀየርና የቱ ባለበት እንደሚቆይ የሚመርጠው እሱ ነው። ሬድዋን በስህተት አላለፈኝም ማለት ነው። ቅዳሜ ዕለት፣ እኔ ሱሉልታ ድንኳን ውስጥ ሆኜ፣ እያንዳንዷ ቃሌ ላይ ደርሶ፣ አይቷት፣ የራሱን አጥፍቶ የእኔን "ይቆይ" ብሎ አልፏል።

አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ቀስ ብለው "አምኜ... ሃለሁ" ብለው አነበቡ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይኼ ለማን የተጻፈ ነው ልጄ?" አሉኝ፣ በለሆሳስ።

ሬድዋንን አየሁት። አያየኝም እንጂ እያየሁት እንደሆነ ያውቃል። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"ለማንም አይደለም" አልኩ። "ሥራ ሲሰለቸኝ የምቀልደው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እሳቸው ሞኝ አይደሉም። ቀስ ብለው በርናባስን አዩት፤ ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። ቀስ ብለው ሬድዋንን አዩት። "እዚህ ክፍል ውስጥ የሚመለከተው ሰው ካለ" አሉ፣ "አሁን ቢናገር አከብረዋለሁ። ማንም ይሁን ማን። ከአባቷ ጋር ለመነጋገርም እኔ አለሁ።"

ማንም ይሁን ማን አሉ። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ወራት ሙሉ ስንፈራው የኖርነው በር በሌላ ሰው እጅ ተከፍቶ ነበር፤ ሬድዋን ብድግ ብሎ "እኔ ነኝ" ቢል ነገሩ ያልቃል። ጠበቅሁት። አቶ ኃይለጊዮርጊስም ጠበቁት። በርናባስ እንኳ ጠበቀው።

ሬድዋን ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ፕሮጀክተሩ ይጥፋ?" አለ።

የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ግድግዳው ሲጨልም እኔ አሁንም እሱን እያየሁ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያየኝ ሁሉንም እተውለት ነበር።

*

ደረጃው ላይ በርናባስ ደረሰብኝ። "ሐሙስ ዕለት፣ ብራንቾቹም ከርክክቡ ጋር ለማኅበሩ ስለሚሄዱ ሁሉም የራሱን ያጽዳ ብዬ ነበር" አለኝ። "ለሥርጉት እኔ እነግራታለሁ ያለኝ ሬድዋን ነው። ካልነገረሽ..." አልጨረሰውም። ደግ ሰው ነው በርናባስ፤ ደግ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን እንደሚል አያውቅም። "የርክክቡ ወረቀት ገና አልተፈረመም። እስከሚቀጥለው ሰኞ የአንቺንም ማስተካከል ይቻላል። አንቺ ካልሽ ብቻ" አለኝ። "ቆይ" ብዬው ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የእኛ ሥራ አንድ ጠባይ አለው፦ አብሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሥራውን ሙሉ ታሪክ በየራሱ ኮምፒውተር ላይ ይይዛል። የእኔ ከሐሙስ ወዲህ ስላልተከፈተ ሬድዋን የነካው ነገር አልደረሰውም። ሁሉም ነበር። "አንቺን የማይበት ቀን በዛ" ነበር። "ወደኋላ አልልም" ነበር። አጠገቡ የቢሮውን ታሪክ ከፍቼ ጎን ለጎን አየኋቸው። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ያው ሥራ። በአንዱ ይወደኛል፣ በአንዱ አያውቀኝም። አለቀስኩ፤ እናቴ ስለ አጎቴ ያለቀስኩ መስሏት አብራኝ አለቀሰች።

ረቡዕ ወደ ማታ አባዬ ከደብር ሲመለስ ግቢው በር ላይ አገኘኝ። ነጠላውን እያጣጠፈ፣ "ኃይለጊዮርጊስ ሥራሽን አመሰገነልኝ" አለኝ።

"እግዚአብሔር ይስጣቸው" አልኩ።

"ልጅህ ጥሩ ትጽፋለች አለኝ። ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"የኮምፒውተር ነው አባዬ።"

"እሱማ የኮምፒውተር ነው" አለ። ነጠላውን አጣጥፎ ጨረሰና ትንሽ ቆሞ አየኝ። ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔም እንዲጠይቀኝ ፈልጌ ነበር። የማን ስም እንደምጠራለት ግን አላወቅሁም። የእኔ ነው ያላለኝን ሰው እንዴት ብዬ የእኔ ነው እላለሁ? አባዬ ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ገባ፤ በሩ ላይ እንደቆምኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬድዋን አሳፈረኝ።

ሳምንቱን በሐዘን ፈቃድ ቢሮ አልገባሁም ነበር። ዓርብ ዕለት ሬድዋን መልእክት ላከልኝ፣ ያውም በዚያ የሁሉም በሆነው ስልኬ። "ነገ ጠዋት እንጦጦ እንገናኝ። እባክሽ። የምነግርሽ ነገር አለኝ።"

በስልኬ ጽፎልኝ አያውቅም። ተጋፈጠ ማለት ነው አልኩ። እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማኝ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

*

ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ግንዱ ከተጋደመበት ቦታ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ሯጮች እያለከለኩ ያልፋሉ። ከሰዓት ቢሮ ስለምገባ ቦርሳዬን ይዤ ነበር። ሸሚዙ ተጨማድዷል።

"ከሳሽ" አለኝ።

"በሳምንት ማን ይከሳል" አልኩት።

"ሥርጉቴ፣ ያን ዕለት መናገር ፈልጌ ነበር። በአላህ እምልልሻለሁ። አፌ አልከፈት አለኝ።"

"ፕሮጀክተሩ ይጥፋ ስትል ግን ተከፈተ።"

እኔ ዝም ልል አልመጣሁም። "ሐሙስ ለምን አልደወልክልኝም?"

"ለቅሶ ላይ ነበርሽ።"

"ለቅሶ ላይ ስልክ ይነሳል ሬድዋን። የማላውቀው ሰው ሁሉ ሲደውል ሳነሳ ነው የዋልኩት።"

"ልደውል ልደውል ስል ቅዳሜ ሆነ። ሁለታችንንም አጸዳለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። የእኔን ቀየርኩ። አንቺ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።" ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "የጻፍሽልኝን እንዴት አድርጌ ነው የማጠፋው? በሕይወቴ እንደዚያ ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም። አልጨከንኩበትም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ያመንኩት ያን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አሁንም አምነዋለሁ። ውሸቱን አልነበረም። የእኔን ቃል ወዶታል፣ የራሱን ፈርቶታል። ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

"የራስህ ላይ ግን ጨከንክ" አልኩት።

"የእኔ ምን ዋጋ አለው?"

"ለእኔ የተጻፈ ነው። ባለቤቱ እኔ ነበርኩ።"

ያን ጊዜ አለቀሰ። እናቱን አነሳ። ደም ግፊቷ እንደሚነሳባት፣ ወሬው ከሚካኤል ተነስቶ አባዶ ሲደርስ ከሰው አፍ ብትሰማው ምን እንደምትሆን፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ በእሱ ብቻ እንደምትኖር ነገረኝ። "ትንሽ ይብረድ። ከረመዳን በኋላ እነግራታለሁ። ሰልማ ታግዘኛለች" አለ። እጄን ያዘኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ በሁለት እጄ ያዝኩለትና አሞቅሁለት። ያን ጊዜ ይቅር ብዬው ነበር። ግድግዳውን፣ ሽማግሌውን፣ ፕሮጀክተሩን፣ ሁሉንም ይቅር ብዬ ነበር።

እጄን እንደያዘ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "ያንቺ ላፕቶፕ ላይ የድሮው ታሪክ እንዳለ ነው አይደል? እኔ ከመቀየሬ በፊት የነበረው።"

"እንዳለ ነው።"

"ማን አየው?"

"እኔ።"

"ሌላ ሰው?"

"ሌላ ሰው አላየውም።"

ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። "ከቢሮው ሥራ ጋር ስታገናኚው ሳታስቢው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው። "ቢጠፋ ነው የሚሻለው። ለሁለታችንም።"

ለሁለታችንም አለኝ። የእኔ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ተነቧል፤ የሚጠፋ ምን ቀረኝ? እንጦጦ ድረስ ለምን እንደጠራኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን የያዘኝ፣ መርፌ ልትወጋ ያለች ነርስ ክንድ እንደምታሻሽ ነበር።

እንደዚያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። ሴት ልጅ ስትወድ እንዴት ያለች ግትር እንደምትሆን አታውቁም፤ ወይም ታውቃላችሁ። ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ የድሮውን ታሪክ ከፈትኩለት። "መጀመሪያ አንብበው" አልኩት።

አነበበ። የራሱን ቃል ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ፤ ያቺው የማውቃት ፈገግታ። ለራሴ ተሳልኩ። ክዳኑን ከዘጋውና "ተይው፣ ይቀመጥ" ካለኝ፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ ዛሬውኑ ለአባዬ እነግረዋለሁ፣ ከቤት ቢያስወጣኝም አባዶ ድረስ እሄዳለሁ አልኩ። እናቱንም እጠብቃታለሁ፣ ረመዳንንም እጠብቃለሁ። ብቻ ክዳኑን ይዝጋው።

"አንተው አጥፋው" አልኩት። "እኔ አልችልም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እኔን አትጠይቀኝ። አንተ ነህ የምትወስነው።"

ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አደረገው። ብራንቹን ሰረዘው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አሁንም ምክንያት እፈልግለት ነበር። አላበቃም። የተሰረዘ ብራንች ወዲያው አይጠፋም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሳምንት ሥራዬን በስህተት ሰርዤ ሳለቅስ፣ ኮምፒውተሩ የተሰረዘውን ለጊዜው አንድ ጥግ ደብቆ እንደሚያቆይ ያሳየኝና ከዚያ አውጥቶ የመለሰልኝ ሬድዋን ነው። እሱን የወደድኩት ያን ዕለት ይመስለኛል። አሁን እዚያው ጥግ ገባ። አንድ ባንድ እየፈለገ ባዶ አደረገው። ከዚያ ያሉትን ብራንቾች በሙሉ ዘርግቶ አየ፣ የእኛ የለችም። አልበቃውም፤ በመላው ታሪክ ውስጥ "ጳጉሜ" የምትለውን ቃል ፈለገ። የለም አለው። ሲሠራ እንዴት ያለ ጠንቃቃ እንደሆነ ሁልጊዜ እኮራበት ነበር።

ክዳኑን ዘጋው። ላዩ ላይ የነበረውን አቧራ በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ሰጠኝ። "አመሰግናለሁ" አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። "የአንቺንም ሰኞ ላጥፋልሽ። አሁን እችላለሁ።"

አሁን ይችላል።

"የእኔን አትንካ" አልኩት። "ለበርናባስም እነግረዋለሁ፣ እንዳለ ይፈረም። እኔ የማስበውን ነው የጻፍኩት።"

"አባትሽ ቢያየውስ?"

"እኔው አነብለታለሁ።"

ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ሰልማ ታክሲ ጋ ቆማ እየጠበቀችው እንደሆነ ነገረኝ። ሊስመኝ ጎንበስ አለና ሯጮች መጡ፤ ቀና አለ። ቁልቁለቱን ወረደ።

ዞሮ እንኳ አላየኝም ብዬ ብጽፍ ታዝኑልኝ ነበር። ዞሯል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ ፈገግ ብሎ፣ ከባድ ዕቃ አውርዶ እንደቀለለው ሰው እጁን አውለበለበልኝ። ያን ጊዜ ነው የጠላሁት። እጄ ግን፣ የእኔ እጅ፣ ተነስታ መለሰችለት።